በወረቀት ሃያ ሰባት

ከማለዲን ሁለት ዕድሜ ነበረው። አንደኛው እናቱ ወይዘሮ መብሩካ የሚያውቁት ነው፤ ሠላሳ አንድ። ሁለተኛው በቀበሌ መታወቂያውና በተጫዋችነት ካርዱ ላይ የሰፈረው ነው፤ ሃያ ሰባት። በሰፈሩ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ ሰው ሁሉ ሁለቱንም ያውቃል፤ ነውር ነው ያለ ግን አልነበረም። የኳስ ተጫዋች ዕድሜ እንደዚያ ነው። ሌላው ሰው በየዓመቱ አንድ ሲጨምር እሱ ባለበት ይረግጣል፤ አሰልጣኙ ከፈለገም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ነገሩ የተጀመረው በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ከማለዲን ያን ጊዜ እንጨት መጋዘን ተቀጥሮ ከመኪና ላይ ግንድ ያወርድ ነበር። አንድ ቀን ኃይለ መስቀል የሚባል የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ለበሩ የሚሆን ጣውላ ሊገዛ መጣና፣ ሌላው ተሸካሚ መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያወርደውን ይኼ ልጅ መሬት ቆሞ ሲያወርደው አየ። ጣውላውን ረሳው። ዕድሜውን ጠየቀው። ሃያ ሁለት አለው። ኃይለ መስቀል ዘመድ የሞተበት ያህል አዘነ። ፋብሪካው ለዋናው ቡድን የሚቀጥረው ከወጣቶች ቡድን ነው፤ ወጣቶች ቡድን የሚገባ ደግሞ ሃያ ያልሞላው ነው። «አሥራ ስምንት ብትሆን ግን ጥሩ ነበር» አለው።

በሳምንቱ አሥራ ስምንት ሆነ። ወይዘሮ መብሩካ ሁለት ጎረቤት ይዘው ቀበሌ ሄዱ። አንዷ ከማለዲን ሲወለድ ያዋለዱት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ሁለተኛው ከሰፈሩ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ የሚኖሩት የደን ጠባቂ አቶ ነገሳ ናቸው። ሁለቱም ማርያምን ጠርተው ልጁ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው ብለው መሰከሩ። ጸሐፊው አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ ከማለዲንን ካየው በኋላ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይህን ያህል ከሆነ በሠላሳው የቀበሌውን ጣራ ይነቅለዋል ብሎ እየሳቀ ጻፈ። ሁሉም ስቀው ወጡ።

እውነቱን ለመናገር ያ ውሸት ጥሩ እንጀራ ሆነ። ከማለዲን በደመወዝ መዝገቡ ላይ «የመጋዘን ረዳት» ተባለ፤ የመጋዘኑ በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ ግን ለይቶ አያውቅም። ሥራው ኳስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፈረንሳይ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መሐል እስከ ማርያም ድረስ ይሮጣል፤ ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ግቢ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ኖረ። ኳስ ሰሌዳውን መትታ ስትመለስ መጀመሪያ የምታርፈው የእሱ እጅ ላይ ነው። አንድ ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ፤ ወይዘሮ መብሩካ ቱታውን አጥበው ሰው እንዲያየው በደጅ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አሰጡት።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ይመለከተዋል፤ ቀበሌው ስም ጽፎ ይጠራል፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት ግንባር። ሁለት ዓመት የሚለውን ያመነ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር ለከማለዲን ፋብሪካው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈለት፤ «ለምርት ሥራው እጅግ አስፈላጊ በመሆኑ» ይላል። አንድ ብርድ ልብስ አጥፎ የማያውቀው ሰው በብርድ ልብስ ምርት ምክንያት ቀረ።

በሰባ ሰባት ግን ጉልበቱ ከዳው። ለኳስ ዘሎ ሲወርድ የሌላ ተጫዋች እግር ላይ አረፈና ቀኝ ጉልበቱ ዞረ። ሦስት ወር ደበቀው። በጨርቅ ጠፍሮ ቱታ ይለብስበታል፤ ልምምድ ላይ ሳል እንደያዘው እያስመሰለ ይቀመጣል። ኃይለ መስቀል ግን ዓይን አለው። የአዲሱ ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ሲወጣ የከማለዲን ስም አልነበረበትም። ሽማግሌው አሰልጣኝ ራሱ መጥቶ ነገረው፤ ሲነግረውም ዓይኑን አላየውም። ከማለዲን ስለ ኳሱ አንድም ቃል አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ ደብዳቤው ነው። ሥራ አስኪያጁ ለተጫዋች እንጂ ለመጋዘን ረዳት ደብዳቤ አንጽፍም ብሏል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሁለተኛው ዙር ጥሪ ደረሰው። ሐኪሙ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ አደረገና «ብቁ» ብሎ ጻፈ። ለቅርጫት ኳስ ያልበቃ ጉልበት ለጦር ሜዳ በቃ።

የሰፈሩ ልጆች የቻለ አክስቱ ቤት፣ የቻለ ገጠር ተደበቀ። ከማለዲን የት ይደበቅ? አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት ነው። ከአልጋ ሥር እግሩ ይተርፋል፤ በአጥር ጥግ ቢሄድ አናቱ ይታያል። ገና ከሩቅ «ከማል!» ብሎ ያልጠራው ሕፃን በሰፈሩ የለም። አንድ ጊዜ ይህ ስም ሲጠራ ደስ ይለው ነበር፤ አሁን በተጠራ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል። የአብዮት ጠባቂዎቹ ጫማ በኮረኮንቹ ላይ ሲንኳኳ ከሰማ፣ አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ፈርቶ ነበር። ሜዳ ላይ ማንንም ፈርቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ፍርሃቱን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

መላውን ያመጡት እናቱ ናቸው። አንድ ቀን ማለዳ ሰግደው ሲነሡ፣ «ለምን እውነቱን አንናገርም?» አሉት። «ሠላሳ አንድ ነህ። ወላሂ ሠላሳ አንድ ነህ። አዋጁ አይመለከትህም።»

ከማለዲን በጣቱ ቆጠረ። ዘጠኝ ዓመት ሃያ ምናምን ሲባል ኖሮ እውነተኛ ዕድሜውን ረስቶት ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፀሐዬ ክፉ ሰው አይደለም። የፋብሪካው ቡድን ደጋፊ ነው፤ ከማለዲን ሲገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለው። መዝገቡን አወጣ፤ በምስክር የጸና ሃያ ሰባት። ወይዘሮ መብሩካ ሊምሉ ሲሉ እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም ተባሉ። ልብስ ሰፊው ሙዘይን ከከማለዲን ጋር በአንድ ሳምንት የተወለደ ነው፤ እሱ ሠላሳ አንድ ስለሆነ ለውትድርና አልተጠራም፤ ለምስክርነት መጥቶ ይኼንኑ ተናገረ። ጓድ ፀሐዬ፣ ከማለዲን ሲወለድ በዓይንህ አይተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ መውጫ ቀዳዳ ሰጣቸው። ያን ጊዜ ዕድሜውን የመሰከረው ሰው መጥቶ ተሳስቼ ነበር ካለ ይስተካከላል፤ ለምን ዋሸህ ተብሎም አይጠየቅም። ወይዘሮ የሺመቤት ዐርፈዋል፤ አቶ ነገሳ ግን አሉ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ይምጡ ተባለ።

ከማለዲን ከቢሮው ሲወጣ ጉልበቱን ረስቶት ነበር። በረንዳው ላይ በግድግዳው የተለጠፈውን የጥሪ ዝርዝር ያየው ያኔ ነው። ሠላሳ ስም። የእሱ አሥራ አራተኛ ነው። ከሥሩ መስመር ተሰምሮ «ተጠባባቂ» ይላል፤ አምስት ስም አለ። የመጀመሪያው «ከበበ ነገሳ» ነው።

ተጠባባቂ ምን እንደሆነ ለከማለዲን የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። አንዱ ከሜዳ ሲወጣ፣ አግዳሚው ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው ይነሣል።

ከበበ የአቶ ነገሳ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በወረቀትም በእውነትም። ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። እሑድ እሑድ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከከማለዲን ጋር ዳገቱን ይሮጣል፤ ኳሷን የሚሸከመውም እሱ ነው። ከማለዲን የተጫወተበትን አንድ ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም።

ለእናቱ አልነገራቸውም። ለማንም አልነገረም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ አቶ ነገሳ ቤት ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ሲሮጥበት የኖረውን ዳገት አሁን ሦስት ቦታ እያረፈ ጨረሰው። አቶ ነገሳ ገና ከሩቅ ማነከሱን አይተው ምንም ሳይጠይቁ አስቀመጡት። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን ጉልበት ምን አደረግኸው?» አሉ፤ ሚስታቸውን ጂቱን የባሕር ዛፍ ቅጠል አስቀቅለው በራሳቸው እጅ ትኩስ ትኩሱን ጉልበቱ ላይ አደረጉና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉለት። የገበሬ እጅ ነው፤ ከተማው መሬታቸውን ሳይውጠው በፊት በሬ የጠመደ እጅ። ከማለዲን ጉዳዩን ነገራቸው። ስለ ዝርዝሩ ግን አልተናገረም። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ከበበ በቀን ቀበሌ ደጃፍ አይደርስም። ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሦስት ቀን ሳይሰሙ ከቆዩ ያልቃል።

አቶ ነገሳ ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። «ያን ጊዜ የዋሸሁት እንጀራ እንድትበላ ነው። አሁን እውነቱን የምናገረው እንድትተርፍ ነው። ምን ይከብዳል? ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ጂቱ ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ሳይቀምሰው በእጁ እንደያዘ ወረደ።

ሐሙስና ዓርብ አናልፍ አሉ። አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ቢነግራቸውስ? አንድ ወሬኛ፣ አንድ ደግ ሰው? ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ እጁን ለዱዓ ዘርግቶ ሳለ፣ እየለመነ ያለው ዳገቱን የሚወጣ ሰው እንዳይኖር መሆኑን አወቀ። እንዲህ ያለ ዱዓ ይደረጋል ወይ ብሎ ራሱን ታዘበ፤ እጁን ግን አላወረደም። ማታ ከበበ ከሥራ ሲመለስ በደጅ ቆሞ ተጣራ፤ ጉልበትህ እንዴት ነው ሊለው ነው። ከማለዲን እናቱን ተኝቷል በሉት አላቸው። ተኝቶ አልነበረም፤ በመስኮቱ ስንጥቅ ከበበ እጁ በዘይት እንደጠቆረ ዳገቱን ሲወጣ ያየው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ነገሳ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጓድ ፀሐዬ ስብሰባ ላይ ስለነበር በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ዝርዝሩ ከአቶ ነገሳ ራስ በላይ ተለጥፏል። ከማለዲን ዓይኑን ከዚያ ማንሣት አቃተው። ሰው በመጣ ቁጥር፣ ወረቀቱ ፊት ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ባነበበ ቁጥር፣ ጣቱ ከመስመሩ በታች እንዳይወርድ ይጠብቃል።

ያልጠበቀው ነገር ከሽማግሌው መጣ። አቶ ነገሳ ዞር ብለው ወረቀቱን አዩና፣ «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። «ሰው ሁሉ እያነበበ ይሄዳል፤ እኔ መጠየቅ አፍራለሁ። ከልጆቻችን እነማን ናቸው የሚሄዱት?»

ከማለዲን ተነሥቶ አነበበ። በእያንዳንዱ ስም ሽማግሌው የማን ልጅ ነው እያሉ፣ ሲያውቁት እግዚአብሔር ያውጣው እያሉ ያዳምጣሉ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ የራሱን ስም አነበበ፤ «እሱስ ዛሬ ይወጣል» አሉ አቶ ነገሳ። ሠላሳውን ጨረሰ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ከታች ደግሞ የተጻፈ አለ አይደል? ያ ምንድን ነው?»

«ተጠባባቂ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከነዚህ አንዱ ከወጣ በምትኩ የሚገባ።»

«እና አንተ ስትወጣ ማን ሊገባ ነው?»

ሁለተኛውን ስም ማንበብ ይችል ነበር። የማያውቀው ሰው ስም ነው፤ አቶ ነገሳም አያውቁትም። ዓይኑ እዚያ ስም ላይ ነበር፤ አፉም ተዘጋጅቶ ነበር። ጉልበቱ ላይ የጠቀለሉለት ጨርቅ ግን ከሱሪው ሥር አለ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ አፍንጫው ይመጣል። ደግ ሆኖ አይደለም፤ ደግ ቢሆንማ ኖሮ ረቡዕ ዕለት በተናገረ ነበር። አልቻለም፣ በቃ።

«ከበበ ነገሳ» ብሎ አነበበ።

አቶ ነገሳ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጫፉን ወለሉ ላይ አዞሩት፣ አዞሩት። «ረቡዕ ታውቅ ነበር?» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

በሩ ተከፈተና ተጠሩ።

ጓድ ፀሐዬ ደስ ብሎት ነበር። እርሳሱን ቀርጾ ላጲሱን አዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። አቶ ነገሳ ቆመው ሲናገሩ እንዳይደክማቸው ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ። ከማለዲን የተወለደው መቼ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው የሚያዩት ወለሉን ነው።

«በስልሳ ስምንት እዚሁ ቆሜ የተናገርኩት አለ አይደል? እሱ ነው። ማርያምን፣ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ሊቀ መንበሩ ግራ ገባው። ከማለዲንን አየው፤ ከዚያ ዝርዝሩን የጻፈው እሱ ራሱ ነውና የመጀመሪያው ተጠባባቂ ማን እንደሆነ ትዝ አለው፤ ትዝ ሲለውም እርሳሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ከማል፣ የምትለው አለህ?» አለ።

ብዙ የሚለው ነበረው። እኚህ ሰው ረቡዕ ዕለት ሌላ ብለውኛል፤ እኚህ ሰው ልጃቸውን ለማዳን ነው፤ ዳኛ ስቶ ሲያጠፋ እጁን አንሥቶ የሚጮኸው ከማለዲን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባለ ነበር።

«የለኝም» አለ።

ለእናቱ ሊቀ መንበሩ ምስክሩን አልቀበልም አለ ብሎ ነገራቸው። ወይዘሮ መብሩካ ሊቀ መንበሩን ሲረግሙ ዋሉ፤ ለአቶ ነገሳ ግን ስለ ደከሙ ብለው አንድ ኪሎ ስኳር ላኩላቸው። ስኳሩ በማግስቱ፣ ጂቱ አሞኛል፣ ስኳር አልቀምስም ብለዋል ተብሎ ተመለሰ።

በሳምንቱ መሄጃቸው ሲደርስ ከበላይ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ሠላሳ የተባለው ሠላሳ አምስት ሆነ። ተጠባባቂ የሚባል ነገር ቀረ።

ጠዋት የጭነት መኪናው ቀበሌው ደጃፍ ቆሞ ነበር። የቀበሌው ኪነት ቡድን ይዘፍናል፤ እናቶች ያለቅሳሉ፤ ሁለቱ ድምፅ ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ከማለዲን ለእግሩ ቦታ አጥቶ ከኋላ ጥግ ተቀመጠ። ከበበ ሰው እየገፋ መጥቶ አጠገቡ ተሸጎጠ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከከማለዲን ጎን በመሆኑ ግን ትንሽ የቀለለው ይመስላል። አቶ ነገሳ ከሕዝቡ መሐል ወጥተው ወደ መኪናው ቀረቡ። በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይዘዋል፤ ሁለት ቋጠሮ። አንዱን ለልጃቸው ሰጡ። ሁለተኛውን ለከማለዲን ዘረጉለት፤ ፊታቸውን ግን ቀና አላደረጉም። ከማለዲን ተቀበላቸው። ጨርቁ ጉልበቱ ላይ ከጠቀለሉለት ጋር ከአንድ ጨርቅ የተቀደደ ነው።

መኪናው ተነሥቶ ፈረንሳይን ጨርሶ ሲወርድ ከበበ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ጋሼ ከማል፣ አንተ እንዴት እዚህ ተገኘህ? አባዬ ሊመሰክርልህ ቅዳሜ ወርዶ አልነበር? ምን ብሎ እንደመሰከረ ብጠይቀው ዝም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንም ጋር አይናገርም።»

ከማለዲን ወደ ኋላ አየ። አቶ ነገሳ መሐል መንገድ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ከዘራቸው መሬት ወድቋል፤ አላነሡትም።

«እውነቱን ነው የመሰከሩት» አለው። «ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።»

ከበበ ጥቂት አሰበበት። ሰፈሩ ሁሉ ሠላሳ አንድ ነው ሲል ሰምቷል፤ ግን አባቱን ማመን ፈለገ። ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«ሃያ ሰባት ከሆንክማ ስንመለስ ገና ትጫወታለህ» አለ።